ሦስት መቶ ሰባ አምስቱና የአያትሽ ኩል

ይድረስ ከባሌ ተራራ ውርጭ ጋር ለምትታገለው፣ ከምትይዘው ጠመንጃ በስንዝር ብቻ ለምትበልጠው ለልጄ ልጅ ለተስኒም ሙኒር፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽን በጅምላ ብጠይቅሽ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አባባ» ብለሽ እንደምታመልጪኝ ስለማውቅ በችርቻሮ ልጠይቅሽ። ትከሻሽ እንዴት ነው? ጆሮሽስ፣ ስትተኩሺ ጥጥ ትወትፊበታለሽ ወይስ ከወንዶቹ ላለማነስ ባዶውን ትተዪዋለሽ? የእግርሽ ጣቶች ሁሉም በቦታቸው አሉ? ከንፈርሽን ብርዱ ሰነጠቀው? እንቅልፍሽስ? ጅብ ሲጮህ ዛሬም ብርድ ልብሱን በጥርስሽ ነክሰሽ ትይዣለሽ? ይቺን ምስጢርሽን ለማንም አላወጣሁም። ለሉልሰገድ ብቻ ነው የነገርኩት። ሉልሰገድ ደግሞ ለካፌው ሁሉ ነገረ፤ ይኼ እንግዲህ የእሱ ጥፋት ነው።

እኛ አላህ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ይሳደባል፤ ሜዳ ላይ ግን ፀባዩ ጥሩ ነው። አያትሽ ዐፊፋ ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ኖራ ጤነኛ መሆኗ ሐኪም ሊያጠናው የሚገባ ነገር ነው። አባትሽ ሙኒር ሱቁን በጊዜ ይከፍታል፣ በጊዜ ይዘጋል፣ በመሐሉ ያዛጋል። እናትሽ ካሚላ ቴሌቪዥኑ የአየር ጠባይ ሲናገር ተራው ባሌ እስኪደርስ ድረስ ማናችንንም አታስተነፍስም። «ዝቅተኛው ሁለት ዲግሪ» ሲል «ልጄን!» ትላለች። ብርዱን ያመጣው ሰውዬው ይመስል ዓይኗን ታፈጥበታለች።

ፒያሳን ብታዪያት አታውቂያትም። መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በዝቶ፣ አመሻሹ ላይ ሠርግ ያለበት ግቢ መስላለች። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ግን የለችም፤ ሰዎቿም ተበታትነዋል። ሉልሰገድም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከሄደ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ቀያይሮ እዚህ ድረስ ማኪያቶ ሊጠጣ ይመጣል። «እዚያ ማኪያቶ የለም ወይ?» ብለው «ማኪያቶስ ሞልቷል፤ የሚያናድደኝ ሰው ነው ያጣሁት» አለኝ። ይኸው እኔም እያናደድኩት እኖራለሁ። ያን ሁሉ ዓመት እሱ ዱካ ተከታይ፣ እኔ ጠመንጃ ተሸካሚ ሆነን ከአዳኝ ጋር ጫካ ለጫካ ስንዞር ያልጨረስነውን ክርክር አሁን ካፌው ባንኮኒ ሥር እየጨረስነው ነው።

ክርክራችንን ደግሞ አንቺ አቀጣጠልሽው። ባለፈው ስትደውዪ «አባባ፣ ጋሽ ገብረክርስቶስ ጠመንጃሽን ምረጪ ብለውኛል፤ ሦስት መቶውን ልያዝ ወይስ አሮጌውን...» ስትዪ ስልኩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ ቆሜ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ አያትሽም «ውረድ አንተ ሰውዬ፣ የኔትወርክ ማማ ነህ ወይ?» ብላ እስክታወርደኝ ሞከርኩ፤ አልሆነም። የቀረውን የነገረኝ አማኑ ነው፣ ለካምፓችሁ ስንቅ የሚያመላልሰው ሾፌር። የአደን ድርጅታችሁ ለአንድ ረዳት አዳኝ አንድ ጠመንጃ ብቻ እንደሚያስይዝ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት እንደሆኑ፣ አንዱ መነጽር የተገጠመለት አዲሱ ሦስት መቶ ማግነም፣ ሌላው አሮጌው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ማግነም እንደሆነ ነገረኝ። ዛሬ ተራራው ላይ በደጋ አጋዘን ተጀምሮ፣ ወቅቱ ሲዞር በዚያው ጠመንጃ ቆላ ወርደሽ ከጎሽ ጋር እንደምትገናኚም ነገረኝ። አለቃሽ ገብረክርስቶስም «አማኑ ተመልሶ እስኪመጣ ወስኚ» ብሎሻል አሉ። አማኑ ነገ ሽንኩርቱን፣ መኮሮኒውንና ይህን ደብዳቤ ጭኖ ይነሳል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ከተንጋደደ እርጅና ነው እንዳትዪ፣ ጥድፊያ ነው።

መጀመሪያ የሉልሰገድን ወገን ልንገርሽ፤ ጠላትን ማክበር ጨዋነት ነው። እሱ የሦስት መቶው ጠበቃ ነው። «የደጋ አጋዘን ከሸለቆው ማዶ ቆሞ ነው የሚያይህ» ይላል። «ሦስት መቶው ፈጣን ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያንተ አሮጌ ጥይት ማዶ እስኪደርስ አጋዘኑ ወልዶ ያሳድጋል!» ጠመንጃው ቀላል ነው፣ እርግጫው ያነሰ ነው፣ ጥይቱም በቀላሉ ይገኛል ይላል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ካፌው ሁሉ እንዲሰማው፦ «ደግሞስ ያቺን ድንቢጥ ሦስት መቶ ሰባ አምስት ብታስተኩሳት፣ ጥይቱ ወደ ጎሹ፣ እሷ ወደ ጎባ ነው የሚሄዱት!»

ካፌው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስለ አንቺ ሲሆን እስቃለሁ፣ ምን ይደረግ። እውነቱን ለመናገር ከተናገረው አብዛኛው ልክ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ማዶ የአሮጌው አረር ስንዝር ተኩል ያህል ይወርዳል፤ የሦስት መቶው ስንዝርም አይሞላ። አሮጌው ጠመንጃ ይከብዳል። ጥይቱም እንደ ልብ አይገኝም፤ በእኛ ጊዜ እንኳ ከውጭ ለአደን የሚመጣው እንግዳ ሲመለስ የተረፈውን እንዲተውልን እንደ ልጅ ተሽኮርምመን ነበር የምንለምነው።

ከዚያ ተራዬን ወሰድኩ። «ስማ ሉልሰገድ» አልኩት፣ «የእኔን ጥይት እንግሊዞች የሠሩት ምኒልክ በሕይወት ሳሉ ነው። ያንተ ‘አዲሱ’ ሦስት መቶም በጃንሆይ ጊዜ የተወለደ ነው፤ ከሙኒር ይበልጣል፤ አዲስ አዲስ አትበልብኝ። ማግነም መባሉ ከተራው ጥይት የበለጠ ባሩድ ስለሚጎርስ ነው፤ ባሩድ መጉረስ ግን ብልሃት አይደለም። ብልሃቱ የቀለሃው ቅርጽ ላይ ነው። ለሙቅ አገር ታስቦ ስለተሠራ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ቀስ እያለ የሚቀጥን ረጅም ነው። ፀሐዩ ባሩዱን ሲያስቆጣው ቀለሃው ከጠመንጃው ጉሮሮ ጋር አይጣበቅም፤ ትንሽ ሲሳብ ይለቃል። ቀላል አረር ብታጎርሰው፣ ከባድ ብታጎርሰው፣ እዚያው አጠገብ ለአጠገብ ነው የሚጥልልህ። የዓላሚን ዓይን አያምታታም።»

ኢየሩስ የምትባል አስተናጋጅ አለች፣ ፈጣን ልጅ ናት። «አባባ ሲራጅ» አለችኝ፣ «ቀስ ብለው ይተኩሱ፤ በር ላይ ያሉት ደንበኞች ሂሳብ ሳይከፍሉ ሊሮጡብኝ ነው።»

ሥጋውንም አነሳሁበት። ይህን አንቺም ካምፕ ውስጥ ሳታዪው አትቀሪም። በእኛ ጊዜ የወደቀው እንስሳ ነፍሱ ሳይወጣ የእስላም ቢላዋ ከደረሰ ሥጋው የእኛ፣ የክርስቲያን ቢላዋ ከደረሰ የእነሱ ነበር፤ ሌላው ወገን ሽሮውን ይበላል። ስለዚህ ተኩስ በተሰማ ቁጥር እኔና ሉልሰገድ ቢላዋ ይዘን እሽቅድምድም ነበር። የእሱ እግር ረጅም ነው፤ አንድ ሙሉ ወቅት ሽሮ ስበላ ከርሜያለሁ፣ እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ሁዳዴ ሲገባ ግን፣ አላህ ይስጠው፣ ሁሉም የእኔ ነበር። እሱ ቆሞ ምራቁን እየዋጠ ያየኛል፣ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ነፋሱ ወደ እሱ በሚሄድበት በኩል እጠብስ ነበር። በኋላ ገብረክርስቶስ «አንድ ቀን እርስ በርስ ትተራረዳላችሁ» ብሎ ተራ አወጣልን። ታዲያ የሁለታችንም ቢላዋ የመሰከረው አንድ ነገር አለ። ሦስት መቶው ከቅርብ ሲመታ ፍጥነቱ ሥጋውን ያበልዘዋል፣ ትከሻው ሁሉ ደም ይቋጥራል። አሮጌው ከባድና ረጋ ያለ ስለሆነ ሥጋው እስከ ቀዳዳው ጥግ ድረስ ይበላል። ይህን ስለው ሉልሰገድ «እሱስ እውነት ነው» አለ። ሥጋ ላይ አይዋሽም፤ ጨዋ ሰው ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ፊቴ ንጹሕ እንደሆነ ቤቴ እገባ ነበር። በማግስቱ ግን ሉልሰገድ «ቅርጽ ቅርጽ ትላለህ፣ እስቲ አሳየኝ» አለኝ። ቀለሃ ከየት ይመጣል? አንድ ቀለሃ ብቻ ነው ቤታችን ያለው፤ እሱንም ታውቂዋለሽ። አያትሽ ኩሏን የምትይዝበት፣ አፉ በቀርከሃ ውታፍ የሚደፈነው ናስ፣ እሱ የሦስት መቶ ሰባ አምስት ቀለሃ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሽ በዚያ ኩል ጢም ሠርተሽ «አባባ ነኝ» ብለሽ ጎረቤት የዞርሽበት! እኔም አያትሽ ሰላቷን እስክትጀምር ጠበቅኩና መኳያ እንጨቱን ጭምር ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ሰላት ላይ ያለ ሰው አይጮህም፤ ይኼ የብልጥ ሰው ሰዓት ነው።

ካፌው ውስጥ ቀለሃውን ጠረጴዛ ላይ ገትሬ ማስተማር ጀመርኩ። «እይ» አልኩት፣ «እንጨቱ ሲገባ እይ። አንገቱ ረጅም ነው፣ ትከሻው ገደል አይደለም፣ ለስላሳ ቁልቁለት ነው። ሲገባ አይጋጭም፣ ሲወጣ አይያዝም። ዐፊፋ ይህን ሁሉ ዓመት ስትኳል ዓይኗን አንድ ቀን ወግታ አታውቅም። የሦስት መቶው አንገት አጭር፣ ትከሻው ገደል ነው፤ በእሱ ቢሆን እንጨቱ ጠርዙ ላይ ይሰናከልባት ነበር። ጥይትም እንደዚሁ ነው። በድንጋጤ ሰዓት፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ጠመንጃው ዘሞ ሳለ እንኳ ይኼኛው ራሱ ተንሸራቶ ይጎርሳል።»

ሉልሰገድ ቀለሃውን አገላብጦ አየው። ዓይኑ ትንሽ እንደመራስ አለና «ፉጨቱን ታስታውሳለህ?» አለኝ። ጫካ ውስጥ መጯጯህ አውሬ ስለሚያስበረግግ፣ ስንጠፋፋ በባዶ ቀለሃ አፍ ላይ እፍ ብለን በፉጨት ነበር የምንጠራራው። እንዴት አላስታውስም! ውታፉን ነቅዬ፣ ቀለሃውን ከንፈሬ ላይ አስጠግቼ፣ የወጣትነት ዘመኔን ትንፋሽ ሰብስቤ እፍፍ አልኩበት።

ተስኒም ልጄ፣ ጭንቅላቴ ጥይቱን ብቻ አስቦ ኩሉን ረስቶት ነበር።

ጥቁር ደመና ተነሳ። ግንባሬ፣ ቅንድቤ፣ ነጩ ጢሜ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ሳይቀር ኩል ሆነ። የተረፈው ሉልሰገድ ላይ አረፈ፤ እሱም ዕለቱን ጊዮርጊስ ተሳልሞ በነጭ ነጠላ ነበር የመጣው። ማኪያቶዬም ከአረፋው ጋር ጠቆረ። ኢየሩስ ትሪዋን እንደያዘች መጥታ «አባባ፣ ማኪያቶ መስሎኝ ያዘዙት፤ ጥቁር ነበር እንዴ?» አለች። አዳሜ በሳቅ ተንፈራፈረ። አንዱ ወጣት በስልኩ አንስቶኛል፤ ባሌ ኔትወርክ የሌለው ለእኔ ሲባል ሳይሆን አይቀርም። እኔ ዓይኔን ስጠርግ ቀለሃው ከጠረጴዛው ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ በረንዳውን ተሻግሮ አስፋልቱ ላይ ወጣ። አንድ አውቶቡስ እንደ ቂጣ ጨፈለቀው።

ቤት ስገባ አያትሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የኩል መያዣዬን አይተኸዋል ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ መልሱን ፊትህ ላይ አነበብኩት» አለች። የተደቆሰውን ናስ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም። አስቀመጠችኝና ፊቴን በቅባት ትጠርግ ጀመር። እየጠረገችም ነገሩን ሁሉ አስወራችኝ። የሉልሰገድን ወገን ነገርኳት፣ የእኔን ወገን ነገርኳት፣ ስንዝሩን፣ ሸለቆውን፣ ሥጋውን። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«እንስሳውን የሚገድለው ማነው?»

«እንግዳው ነዋ፣ በራሱ ጠመንጃ» አልኳት።

«ታዲያ ተስኒም ጠመንጃ የምትይዘው ለምንድን ነው?»

«ድንገት የቆሰለው ወደ ሰው ከመጣ ልታስቆመው።»

«ሩቅ ያለው ነው ወደ ሰው የሚመጣው?»

ያልተጠረገውን ጉንጬን አዞርኩላት።

«እኮ!» አለች፣ ጢሜን ሳብ አድርጋ። «ሁለት ሽማግሌ ስለ ማዶው ትጨቃጨቃላችሁ። ልጄ ፊት ለፊት የሚመጣውን በምን ትመልሰው? ይኼን ንገረኝ።»

እንዲህ ነው እንግዲህ የእኛ ነገር። ቀኑን ሙሉ ስለ አጋዘኑ ስንሟገት፣ አጋዘኑን የምትተኩሺው አንቺ እንዳልሆንሽ ሁለታችንም ረስተነው ነበር። ስለዚህ አሁን ቀልዴን ትንሽ ልግታና እንደ ሰው ልንገርሽ። ከዚህ በታች ያለውን እናትሽ እንዳታይብኝ በክንዴ ሸፍኜ ነው የምጽፈው።

ኦሞ ሸለቆ ነው። ገብረክርስቶስ ያኔ እንደ አንቺ ረዳት ነበር፣ ጢሙም ገና ጢም አልሆነም። እንግዳው ጎሽ አቆሰለና ጎሹ ሸምበቆ ውስጥ ገባ። የቆሰለ ጎሽ አይሸሽም፤ ዞሮ በገዛ ዱካው ዳር ቆሞ ይጠብቅሻል። ሉልሰገድ ከፊት ዱካውን ያነባል፣ እንግዳውና ገብረክርስቶስ ይከተላሉ፣ እኔ ከኋላ። ሸምበቆው በጎን በኩል ተቀደደና ወጣ። እንግዳው አንድ ተኮሰ፣ ሳተ። ተጣድፎ ሲያቀባብል እጀታውን እስከ መጨረሻው አልሳበውም፤ ባዶው ወጣ፣ አዲሱ ሳይጎርስ ቀረ። ቃታውን ሲስብ «ጠቅ» ብቻ አለ። ያቺን «ጠቅ» እስከ ዛሬ በሕልሜ እሰማታለሁ። ገብረክርስቶስ በአሮጌው ተኮሰ፤ ጎሹ ግድግዳ እንደገጨ ቀጥ አለ፣ አልወደቀም። ገብረክርስቶስ አቀባበለ፤ ድምፁ ቅቤ ላይ ቢላዋ እንደማሳለፍ ነበር። ደገመው። ጎሹ ሲወድቅ አቧራው ፊታችንን መታን። የሉልሰገድን ባርኔጣ ያወጣነው ከቀንዱ ሥር ነው። ሉልሰገድን ግን ከአጠገቡ፣ በደህና።

ይህንን ትናንት ለሉልሰገድ ሳስታውሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባርኔጣዬን ግን አበላሽቷል!» ከዚያ ግን ማኪያቶውን ለረጅም ጊዜ አማሰለና «ለልጅቷ የእውነቱን ጻፍላት» አለኝ።

እውነቱ ይኸውልሽ። ሩቅ ላለው ሦስት መቶው ይሻላል። ለሚመጣብሽ ግን አሮጌው ይሻላል፤ ከባዱ አረር ጠልቆ ይገባል፣ አጥንት አይመልሰውም፣ ጥይቱ ሳይሰናከል ይጎርሳል፣ ባዶው ሳይጣበቅ ይወጣል። አንቺ ደግሞ ጠመንጃ የምትይዢው ለሚመጣው ነው። ተራራው ላይ የቆሰለ አጋዘን ማዶ ከሄደብሽም በጥይት አትከተዪው፣ በእግርሽ ተከተዪው፤ ተጠግተሽ ጨርሺለት። እግር አለሽ፣ አጭር ቢሆንም።

ግን አሮጌው አንድ ክፉ አመል አለው፣ እሱን ደብቄ ባሞግሰው አያትሽ ዳግመኛ ፊቴን አትጠርግልኝም። ጥይቱ ረጅም ስለሆነ የማቀባበያው እጀታም ረጅም መንገድ ይሄዳል። የአንቺ ክንድ አጭር ነው። ግማሽ መንገድ ስበሽ ከመለስሽው ያቺ «ጠቅ» የአንቺ ትሆናለች። ስለዚህ ገብረክርስቶስን ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ጠይቂውና፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ አውራ ጣትሽ ጉንጭሽ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ እየሳብሽ አቀባብዪ፤ እጅሽ ሳታዢው ራሱ እስኪያደርገው። እርግጫውን አትፍሪው፤ ሦስት መቶው በጥፊ ይመታል፣ አሮጌው ግን እንደ ፒያሳ የታክሲ ወረፋ ይገፋል። ሰደፉ ላይ ቆዳ ተሰፍቶበት ታገኛለሽ፤ ስፌቱ የእኔ ነው፣ ጠማማ ነው ብለሽ እንዳትስቂ። ሰደፉን ትከሻሽ ላይ አጥብቀሽ ያዢ፣ ወደ ፊት ዘንበል በዪ።

ከዚያ ቆመሽ ዒላማ ላይ ተኩሺ። ገብረክርስቶስ ዒላማውን ሳይሆን ዓይንሽን እንዲያይልሽ ንገሪው። ቃታውን ስትስቢ ዓይንሽ የሚጨፈን ከሆነ፣ ደጋግመሽ ሞክረሽም ካልተወሽ፣ አሮጌውን አስቀምጪው። ሦስት መቶውን ያዢ፤ ምንም ዕፍረት የለውም። በትልቁ ከመሳት በትንሹ መምታት ይሻላል፤ ብቻ ያኔ ጎሹ ጋር ስትወርዱ ከባዱን የሚይዘው ሌላ ሰው እንዲሆን ለገብረክርስቶስ በአፍሽ ንገሪው። ካምፕ ውስጥ የሚያሾፉብሽ ወንዶች ምን ይሉኛል ብለሽ እንዳትመርጪ። አያቴ ደስ ይለዋል ብለሽም እንዳትመርጪ። እኔን ደስ የሚለኝን ለማወቅ ከፈለግሽ፣ ጎልማሳ ሆነሽ፣ ጢም ሳይሆን ሽበት አውጥተሽ ማየት ነው።

አሁን ቀልዴን መልሺልኝ፣ ከበደኝ። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። አያትሽ ፊቴን ጠርጋ ስትጨርስ የተደቆሰውን ናስ አነሳችና «ሥራዋን ጨርሳለች» አለች። «የቱን ሥራ?» ብላት፣ «ያን ቀን የሁለተኛዋ ጥይት ቀለሃ አይደለችም?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እኔ ከኦሞ ስመለስ ‘ለኩልሽ ይሆናል’ ብዬ ብቻ ነበር የሰጠኋት፤ ስለ ጎሹ ትንፍሽ አላልኩም። ለካ ያ ሉልሰገድ በሙኒር ሠርግ ቀን ሁሉንም ዘክዝኮላታል! እሱ ምስጢር ሲይዝ እንዲሁ ነው። እሷም ይህን ሁሉ ዓመት በተኳለች ቁጥር ምን እንደያዘች ታውቅ ነበር። «አንተን የመለሰችልኝ እሷ ናት፤ ከዓይኔ አጠገብ ባኖራት ምን ይገርምሃል?» አለች። እኔም ቅንድቤ ላይ ኩል ቀርቶ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ስለዚህ ትእዛዝ አለሽ። ለኢድ ስትመጪ ለአያትሽ አንድ ባዶ ቀለሃ ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ገብረክርስቶስን አስፈቅደሽ። ከዒላማ ተኩስ የቀረ ይሁን ብላለች፤ ታሪክ ያለው አልፈልግም፣ ታሪክ አንዴ ይበቃኛል ነው ያለችው። በአማኑ እንዳትልኪው። በእጅሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ለኢድም ቢሆን አልኳልም ብላ ምላለች፤ እኔ ደግሞ ያልተኳለችውን ዐፊፋን በየጠዋቱ ማየቴ ቅጣቴ ነው፣ ምሕረት አድርጊልኝ።

ረጅሙን ቀለሃ ይዘሽ ከመጣሽ ሉልሰገድ ካፌው መሐል ቆሞ «ሲራጅ አሸነፈ» ይላል፤ በኢየሩስ ፊት ተማምለናል። አጭሩን ይዘሽ ከመጣሽ እኔ «ሉልሰገድ አሸነፈ» እላለሁ፤ አያትሽም መኳያው ጠርዙ ላይ ቢሰናከልባትም አንድ ቃል እንደማትናገር አውቃታለሁ።

እናትሽ ካሚላ ካልሲ ድርብ ድርብ አድርገሽ እንድትለብሺ፣ ሲረጥብም እንድትቀይሪ፣ ስትቀይሪም እሷን እንድታስቢ ብላለች፤ ሰላምታዋ ከካልሲው ውስጥ ነው፣ አማኑ ጋ ልካልሻለች። አባትሽ ሙኒር እያዛጋ ግን ከልቡ «ሰላም በልልኝ» ብሎሻል፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ያንቺን ፎቶ መደርደሪያው ላይ ወደ ውስጥ እንደሚያዞር እንዳትነግሪው፤ ብርድ እንዳይመታሽ መሰለኝ። ሉልሰገድ ድንቢጧን ሳምልኝ ብሎ በነጠላው እድፍ ምሎልኛል፤ እድፉ ዛሬም አልለቀቀም። ኢየሩስ ባታውቅሽም ሰላም ብላሻለች፤ ስትመጪ ማኪያቶሽ በእሷ ነው። ለገብረክርስቶስ ንገሪው፦ ሲራጅ አሁንም በሕይወት አለ፣ ስፌቱም አልተተረተረም። አማኑን ሳታበዪው እንዳትለቂው፤ ደብዳቤዬን መንገድ ላይ እንዳያነበው ግን አስምዬዋለሁ፣ እንደሚያነበውም አውቃለሁ። ሰላም ነው አማኑ።

አያትሽ ዐፊፋን «ምን ልጻፍልሽ?» ብያት ነበር። «ምንም አትጻፍ» አለችኝ። «ሰላምታዬን ስትመጣ በእጄ እሰጣታለሁ።»

የሚወድሽና የሚያሾፍብሽ አያትሽ፣
ሲራጅ

አራዳ፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.